የሁለት የቲሞች ግድግዳ



ባለፈው ሳምንት ከመግሪብ በኋላ ቂርአቱ አልቆ ሰው ሲበተን አንድ ወንድም ጫማውን በእጁ እንደያዘ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የሦስት ልጆች አባት ነው። ትንሽ ሱቅ አለው፤ ግቢው ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች ያከራያል። አንዷን ክፍል የተከራየችው ሁለት ልጆች ይዛ የመጣች እናት ናት። ባለቤቷ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ከቀረ ቆይቷል። ሰሞኑን በሰፈሩ ወሬ በዛ። ወሬው ስለ እሷ አይደለም፣ ስለ ብሔሯ ነው። ጎረቤቶቹ መጀመሪያ በቀልድ፣ ኋላ ደግሞ በምክር መልክ «ይቺን ሴትዮ ብታስወጣት ይሻልሃል፤ ነገ ነገር ቢነሳ ጦሷ ለልጆችህ ይተርፋል» ይሉት ጀመር።

ጥያቄው አጭር ነበር። «ኡስታዝ፣ ለልጆቼ ስል ባስወጣት አላህ ዘንድ እጠየቃለሁ ወይ? ኪራይ ጨምሪ ብላት እንኳ ራሷ ትወጣለች፤ ማባረር አይሆንብኝም።»

(የየትኛው ብሔር ተወላጅ እንደሆነች ሆን ብዬ አልጻፍኩም። ለማወቅ የጓጓ ካለ ለምን እንደጓጓ ራሱን ይጠይቅ።)

ያን ምሽት የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። «እስከ ጁሙዓ ምንም አታድርግ፤ ላስብበት» ብዬ ሸኘሁት። ሙፍቲ አይደለሁም፤ ይህም ፈትዋ አይደለም። ያሰብኩትን ለእሱ ነግሬዋለሁ፤ ማንነቱን ሳልገልጽ እንድጽፈውም ፈቅዶልኛል። ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለምና። ነገ ምን እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እያንዳንዳችን ማታ በሩን ቆልፈን ስንተኛ የምናስበው ነገር ነው። ቤተሰቤን ለመጠበቅ እስከ የት ድረስ መሄድ ይፈቀድልኛል?

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። መፍራት የኢማን ጉድለት አይደለም። ሙሳ (ዐ.ሰ) ከግብፅ ሲሸሹ ፈርተው፣ ዙሪያቸውን እየቃኙ እንደወጡ ቁርኣን ራሱ ይነግረናል። አልደበቀላቸውም፣ አልወቀሳቸውምም። መዘጋጀትም ከተወኩል አያጎድልም። የነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) ሂጅራ ሲራ ላይ ያነበበ ሰው ዝግጅት ምን እንደሆነ ያውቃል። ወደ መዲና የሚሄዱ ሰዎች በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ሰውር ዋሻ ወጡ። የአቡበክር ልጅ ዐብዱላህ ቀን መካ ውሎ ወሬውን ማታ ያመጣላቸዋል። እህቱ አስማእ ስንቅ ታዘጋጃለች። ዓሚር ኢብን ፉሀይራ በጎቹን እየነዳ ዱካቸውን ያጠፋል። መንገድ መሪው ዐብዱላህ ኢብን ኡረይቂጥ ደግሞ ሙስሊም እንኳ አልነበረም፤ መንገዱን የሚያውቅ፣ የሚታመን ሰው ስለነበር ተቀጠረ። «ተወኩል አለኝ» እያለ ለሚስቱና ለልጆቹ አንዳች ያላሰበ ሰው ከዚህ ታሪክ ውስጥ ማንን እንደሚከተል አይገባኝም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ አስብ። የልደት ካርዱን፣ የትምህርት ማስረጃውን፣ የቤት ካርታውን አንድ ቦታ አድርገህ አስቀምጥ። የእናትህን የስኳር መድኃኒት ለአንድ ወር ቀድመህ ግዛ። ልጆችህ አንድ ስልክ ቁጥር በቃላቸው ይያዙ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የት እንደምትገናኙም ዛሬ ተነጋገሩ። ይህ ሁሉ ሐላል ነው፣ ከዚያም አልፎ አማና ነው። ሰው ሊያኖራቸው የሚገባውን ቢጥል ለወንጀል እንደሚበቃው የሚያመለክት ሐዲስ አለና።

ነገር ግን በዚያው የሂጅራ ሌሊት አንድ ሌላ ነገር ተደርጓል። የመካ ሰዎች ነቢዩን ሊገድሉ ቢማከሩም ንብረታቸውን በአደራ ያስቀምጡ የነበረው እሳቸው ዘንድ ነበር። አሊ (ረ.ዐ) ወደ ኋላ የቀረው አልጋቸው ላይ ሊተኛ ብቻ አልነበረም፤ ያንን አደራ ለየባለቤቱ ሊመልስ ጭምር ነው። ነፍሳቸውን ሊያድኑ የሚሸሹ ሰው፣ ሊገድላቸው የመጣውን ሰው አደራ ለመመለስ የአጎታቸውን ልጅ አደጋ ላይ አስቀሩ። ይህን ታሪክ በመድረሳ ልጅ ሆኜ ስሰማው የአሊ ጀግንነት ብቻ ነበር የሚታየኝ። አሁን ልጆች ወልጄ ሳነበው ግን ሌላ ነገር ይታየኛል። መሸሽ ይፈቀዳል፣ መደበቅ ይፈቀዳል፤ የሌላውን ሰው ሐቅ ይዞ መሸሽ ግን አይፈቀድም።

የእኛ ችግር ፍርሃት ሲይዘን ይህ ወሰን የት ላይ እንደሆነ አለመታየቱ ነው። ይህን የምለው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም።

በጥቅምት 2014 ደሴ ነበርኩ። ጦርነቱ እየቀረበ ነው፤ ከቆቦና ከወልዲያ በኩል የተፈናቀለው ሕዝብ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ሞልቶታል። የሰፈሩ ወጣት ማታ ማታ ሮንድ ይወጣል። በዚያ ሰሞን አንድ መልእክት ስልኬ ላይ ገባ። ፀጉረ ልውጥ የሆኑ ሁለት ወጣቶች በሰፈራችን ቤት ተከራይተው እንደገቡ፣ ቦርሳ ይዘው ማታ እንደሚወጡና እንደሚገቡ፣ ሁሉም ሰው ቤተሰቡን እንዲጠብቅ የሚል ነው። ማን እንደጻፈው አይታወቅም፤ ከአንዱ ግሩፕ ወደ ሌላው ሲተላለፍ የመጣ ነው። ልጄ ያኔ ገና ዓመት አልሞላትም። አጠገቤ ተኝታለች። መልእክቱን አነበብኩት፣ እሷን አየኋት፣ ወደ ጀማዓችን የቴሌግራም ግሩፕ ላክሁት። ከላዩ ላይም «ለጥንቃቄ ያህል» ብዬ ጨመርኩበት። ሁለት ቃል ናት። እኔ ኡስታዝ ነኝ፤ እኔ ስልከው ደግሞ ወሬው ወሬ መሆኑ ቀረ።

በማግሥቱ ሌሊት ሮንዶቹ ልጆቹን ያዟቸው። መታወቂያ አሳዩ ተባሉ፣ የላቸውም። ደበደቧቸው። የአንደኛው የእጁ አንጓ ተሰበረ። ሲነጋ ነገሩ ታወቀ። ወንድማማቾች ናቸው፤ ከቆቦ ሲሸሹ መታወቂያ ለመያዝ ጊዜ አልነበራቸውም። ማታ የሚወጡት እናታቸው የተጠለለችበት ትምህርት ቤት እራት ሊያደርሱላት ነው። ቦርሳው ውስጥ የነበረው የምግብ ሳህን ነበር።

ሱረቱ አን-ኒሳእ ውስጥ አላህ (ሱ.ወ) የሚወቅሳቸው ሰዎች አሉ፤ የሰላም ወይም የስጋት ወሬ ሲደርሳቸው ለሚያጣራ ሰው ከማድረስ ይልቅ ወዲያው ይበትኑታል። ይህን አንቀጽ ለሰው አስተምሬዋለሁ። የሱረቱል ሑጁራትን የ«አጣሩ» ትእዛዝማ ስንት ጊዜ ኹጥባ አደረግሁበት! በዚያ ምሽት ግን ሁለቱም ትዝ አላሉኝም። ትዝ ያለኝ ልጄ ነበረች። ለቤተሰቡ የሚጨነቅ ሰው ደግሞ ራሱን አይጠረጥርም፤ ክፉ ነገር እየሠራሁ ነው ብሎ አያስብም። ከክፋት የተነሳ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ያስቆመኝ ነበር። ከፍቅር የተነሳ ስለነበር የሚያስቆመኝ አልነበረም።

አነስ (ረ.ዐ) ያስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት አንድ ታሪክ ከዚያ በኋላ ከአእምሮዬ አልወጣም። መዲና ላይ በአንድ ሌሊት የሚያስደነግጥ ድምፅ ተሰማ። ሰው ወደ ድምፁ ሲወጣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲመለሱ አገኟቸው። ቀድመዋቸው፣ ብቻቸውን፣ የአቡ ጠልሓን ፈረስ ያለ ኮርቻ ጋልበው ሄደው አይተው ነበር፤ ሰዉንም አትፍሩ እያሉ መለሱት። ድምፁ ሁላችንም ዘንድ ይደርሳል። እሳቸው ሄደው አዩ፤ ይዘው የተመለሱትም መረጋጋትን ነው። እኔ ከፍራሼ ሳልነሳ ድንጋጤውን ለአራት መቶ ሰው አከፋፈልኩ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እኛም ወጣን። ደብረ ብርሃን የገባነው በሌሊት ነው፤ ሚስቴ፣ ልጄ፣ እናቴና እኔ። በማግሥቱ አንድ ወጣት ከሩቅ ሲያስተውለኝ አየሁ። ጺም ያለው፣ ቦርሳ የያዘ፣ የማይታወቅ ሰው። አሁን ፀጉረ ልውጡ እኔ ነኝ። ያስጠለሉን አንዲት ክርስቲያን እናት ናቸው። ቆይተን የነቢያት ጾም ገባ፤ እሳቸው እየጾሙ ለኛ ያበስላሉ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሥጋ እንደማንበላላቸው ስለሚያውቁ እንዳንሳቀቅ ብለው ሽሮና ምስር ብቻ ነበር የሚሠሩት። እናቴ ሶላት ስትሰግድ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ። ማን ናችሁ፣ ከማን ወገን ናችሁ ብለው አንድ ቀን አልጠየቁንም። ኅዳር መጨረሻ ከተማችን ተለቅቃ ልንመለስ ስንል የከፈሉልንን ሁሉ ልተካ ብዬ ገንዘብ ባወጣ ተቆጡኝ። እናቴ እስከ ዛሬ ለእሳቸው ዱዓ ታደርጋለች።

ዩኒቨርሲቲ እያለሁ አንድ የፍልስፍና ኮርስ ወስጄ ነበር። ሆብስ የሚባል እንግሊዛዊ፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ እሱ በፓሪስ ተሰድዶ ሳለ የጻፈውን፣ እ.ኤ.አ. በ1651 ያሳተመውን መጽሐፍ አስተምረውናል። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ የጋራ ጠባቂ በሌለበት ሰዎች የሚጣሉት ሁሉም ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ስለሚፈራ ነው። እኔ ለጥንቃቄ ያደረግሁትን ጎረቤቴ ለጥቃት እንደመዘጋጀት ያየዋል፤ እሱም ይዘጋጃል፤ የእሱን መዘጋጀት አይቼ እኔ ልክ ነበርኩ እላለሁ። ያኔ ለፈተና አጥንቼው ረሳሁት። ደሴ ላይ ግን በዓይኔ አየሁት። ሱቅ ውስጥም ያው ነው፤ ዘይት ይጠፋል ብሎ አንዱ አሥር ጀሪካን ሲገዛ ዘይቱ የሚጠፋው በእርሱ ምክንያት ነው። (የዕቃ ክምችትን ነገር እዚህ አላስፋፋውም። ለቤቱ ቀለብ የሚያስቀምጥና ሰው ሲቸገር በእጥፍ ሊሸጥ የሚደብቅ አንድ እንዳልሆኑ፣ ሁለተኛውን ሐዲሱ ወንጀለኛ እንደሚለው ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለሱቆች አላህን ፍሩ፤ ይኸው ነው።)

ሆብስ በሽታውን በደንብ ያየ ይመስለኛል። መድኃኒቱ ግን ሁሉን የሚያስፈራ አንድ ኃይለኛ ገዢ ነው። ገዢው ራሱ የስጋቱ ምንጭ የሆነበትን፣ ወይም ማን እንደሚገዛ የማይታወቅበትን ጊዜ ለሚኖር ሰው ይህ ብዙም አይረዳም።

በየጁሙዓው የምናነበው ሱረቱል ካህፍ ግን ልክ የዚህ ዓይነት ጊዜ ሱራ ነው። ስንቶቻችን አስተውለነዋል? ከዋሻው ጀምሮ እስከ ዙልቀርነይን ግንብ ድረስ ነገሩ ሁሉ ስለ መጠበቅና ስለ መጠበቂያ ነው። ወጣቶቹ ከሚያሳድዳቸው ሕዝብ ዋሻ ገብተው ተደበቁ፤ ከእንቅልፋቸው ሲነቁም አንዱን ወደ ከተማ ለምግብ ሲልኩ ማንም እንዳያውቅባቸው በዘዴ እንዲሆን፣ ምግቡም ንጹሕ እንዲሆን አደራ አሉት። ከሞት የሚደበቅ ሰው ስለ ምግቡ ንጹሕነት ያስባል! የምስኪኖቹ መርከብ ደግሞ የዳነው በመበሳቱ ነው። ደህናውን መርከብ ሁሉ እየነጠቀ የሚወስድ ንጉሥ ከፊታቸው ነበር፤ ጉድለት ያለበትን ግን አይፈልገውም። አንዳንዴ ዋናውን ለማትረፍ ትንሽ መጉደል ግድ ይላል። ሱቁን ዘግቶ ወደ ገጠር የገባ፣ መኪናውን ሸጦ የልጆቹን መንገድ የከፈለ ሰው መርከቡ የተበሳበት ሰው ነውና አይዞህ ልንለው ይገባል እንጂ ከሰረ አንበል።

እኔን የያዘኝ ግን ግድግዳው ነው።

ሙሳና ባልደረባቸው ኸዲር አንዲት ከተማ ይገባሉ። ርቧቸዋል፤ ምግብ ይጠይቃሉ፤ የከተማይቱ ሰዎች እንግዶቹን አንቀበልም ይላሉ። እዚያች ከተማ ውስጥ ሊወድቅ ያዘነበለ ግድግዳ ያገኛሉ፤ ኸዲር ያቀናዋል። ሙሳ ቢገርማቸው ቢያንስ ዋጋ ብትጠይቅበት ይላሉ። ምክንያቱ ኋላ ይነገራል። ግድግዳው የሁለት የቲም ልጆች ነው፤ ከሥሩ የእነሱ የተቀበረ ሀብት አለ፤ አባታቸው ደግሞ ሷሊህ ሰው ነበር። አላህ ልጆቹ አድገው ሀብታቸውን እንዲያወጡ ፈለገ።

እስቲ በዚያ አባት ቦታ ሁኑ። ልጆቹን ለመጠበቅ የሚችለውን አድርጓል፤ ሀብት ቀብሯል፣ ግድግዳ አቁሟል። ከዚያ ሞተ። ግድግዳው ዘመመ። የሚኖሩባት ከተማ ለተራበ መንገደኛ ቁራሽ የማትሰጥ ከተማ ናት፤ ግድግዳው ቢወድቅ የየቲሞቹ ሀብት ምን እንደሚሆን ግልጽ ነው። የአባትየው ዝግጅት አለቀ፣ አቅሙም አለቀ። ልጆቹ የተጠበቁት አባታቸው ፈጽሞ በማያውቀው፣ ከሩቅ በመጣ፣ ራሱ በተራበ እንግዳ እጅ ነው። የአባትየው ስም አልተነገረም፤ ሙያው አልተነገረም፤ አንዳንድ ሙፈሲሮች እንዲያውም ሩቅ አያት ነው ይላሉ። የተነገረልን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መልካም ሰው መሆኑ።

እዚህ ላይ ቶሎ ብላችሁ «እንግዲያውስ ሷሊህ ከሆንን ልጆቻችን አይነኩም» እንዳትሉ። እንዲህ ብዬ አስተምሬ አንዲት ልጇ የሞተባት እናት ፊቴ ስታለቅስ አፍሬያለሁ። በዚያው ታሪክ ውስጥ፣ ከግድግዳው ቀድሞ፣ ወላጆቹ አማኞች የሆኑ ልጅ ሞቷል። ያ ሞት ለወላጆቹ እዝነት እንደነበረ ለሙሳ ተነገራቸው፤ ለእናትየው እንደተነገራት ግን አናነብም። እሷ የምታውቀው ልጇ መሞቱን ብቻ ነው። ሁለቱ ቤቶች አንድ ታሪክ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ስለዚህ መልካምነት ከአላህ ጋር የተፈረመ የኢንሹራንስ ውል አይደለም። ዋስትና ቢኖረንማ ጥያቄው ቀላል ነበር፤ ዋስትናውን የሚሰጠንን ነገር ማድረግ ብቻ ነው። ዋስትና የለም። በር ብትዘጋም የለም፣ ብትከፍትም የለም። የዙልቀርነይን ግንብ እንኳ፣ ያን ሁሉ ብረትና የቀለጠ መዳብ ይዞ፣ የአላህ ቀጠሮ ሲደርስ እንደሚፈርስ የሠራው ሰው ራሱ ተናግሯል።

ለወንድማችን ያልኩት ከዚህ ተነስቼ ነው። «ልጆቼን ላድን ወይስ ሴትዮዋን?» ብለህ ከጠየቅህ፣ አንደኛውን ብትመርጥ ሌላው በርግጥ እንደሚድን የምታውቅ አስመስለህ ነው። አታውቅም። የምታውቀው ዛሬ በእጅህ የምታደርገውን ብቻ ነው። ዛሬ በእጅህ የምታደርገው ደግሞ አንዲት ሴት ከሁለት ልጆቿ ጋር ሰፈሩ ሁሉ እያየ ከግቢ ማውጣት ነው። ለምን እንደወጣች ሁሉም ያውቃል። ኪራይ ጨመርኩ አልክ፣ እድሳት አለብኝ አልክ፣ ሰፈሩ የሚያነበው አንድ ነገር ነው፤ «እገሌ እንኳ ጣላት»። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሚነካት ሰው የሚቆጣው እንደሌለ ያውቃል።

ሰውን መሸከም አለመቻል አንድ ነገር ነው፤ አሳልፎ መስጠት ሌላ ነገር ነው። አላህ ማንንም ከአቅሙ በላይ አያስገድድም፤ ቤቱ በእርግጥ አደጋ ላይ ከወደቀ፣ ልጆቹን ይዞ የሚወጣ አባት አይወቀስም። ቢሆንም ሱረቱ አት-ተውባህ ውስጥ፣ ስለ ጦርነት በሚያወራው ሱራ፣ ከአጋሪዎች እንኳ ጥበቃ የጠየቀ ሰው ጥበቃ እንዲሰጠውና የሚተማመንበት ቦታ ድረስ እንዲደርስ ታዝዟል። ልብ በሉ፣ እስከ በር አይደለም። እስከሚተማመንበት ቦታ ነው። የሚተማመንበትን የሚወስነውም ሸኚው አይደለም። ስለዚህ «ላስጠልላት አልችልም» የሚል ሰው ሥራው ገና አላለቀም፤ ገና መጀመሩ ነው።

ሌላም ነገር ነገርኩት። ቁርኣን ራሳችሁንና ቤተሰባችሁን ጠብቁ ብሎ በግልጽ ያዘዘው ከእሳት ነው፤ ሱረቱ አት-ተሕሪም ላይ። የመንገዱን እሳት ማለቱ አይደለም። ሦስቱ ልጆችህ ያቺ እናት ፍራሿን ተሸክማ ስትወጣ በመስኮት ያያሉ። ከልጆቿ ጋር ብይ ይጫወቱ ነበር፤ ለምን እንደሄዱ ይጠይቁሃል። ምን ትላቸዋለህ? ከምን ጠበቅኋቸው ትላለህ?

እኛ ሐበሾች ስለ ነጃሺ ስናወራ ደስ ይለናል። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ባልደረቦቻቸውን ወደዚህ ሲልኩ፣ ከመጀመሪያዎቹ መሃል የገዛ ልጃቸው ሩቀያ ከባሏ ከዑስማን ጋር ነበረች። አባት ልጁን ባሕር አሻግሮ፣ ሃይማኖቱ ሌላ የሆነ ንጉሥ ዘንድ የላከው ፍትሐዊነቱን አምኖ ነው። ሰው እንዲጠብቅልን መታመን እንዲህ ያለ ነገር ነው። የመካ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው አሳልፈህ ስጠን ባሉት ጊዜ ንጉሡ አልሰጠም፤ ግን አስቀድሞ ጠርቶ ጠየቃቸው፣ ሰማቸው። ኩራቱ የእኛ ከሆነ ፈተናውም የእኛ ነው። ነጃሺ ቤተ መንግሥት ነበረው፤ አንተ ሁለት ሰርቪስ ቤት አለህ።

ወንድማችን ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ «እሺ፣ ብቻዬን ግን አልችለውም» አለ። እውነቱን ነው። ዙልቀርነይን እንኳ፣ ያ ሁሉ ሥልጣን የተሰጠው ሰው፣ ግንቡን ሥራልን ባሉት ጊዜ ገንዘባቸውን አልፈልግም ብሎ ጉልበታቸውን ነው የጠየቀው፤ ብረቱን አምጡ፣ ወናፉን ንፉ። ይህን ስል እኔም ከተቀመጥኩበት መነሳት እንዳለብኝ ገባኝ። አንድን ሰው «ሰብር አድርግ» ብሎ ወደ ቤቱ መላክ ቀላል ነው።

ማክሰኞ ከዐስር በኋላ አራት ሆነን ሄድን፤ እሱ፣ እኔ፣ የመስጂዳችን አንድ ሽማግሌና የሰፈሩ እድር ሊቀመንበር። ሊቀመንበሩ ክርስቲያን ናቸው፤ ሰፈሩ እኔን ባይሰማ እሳቸውን ይሰማል። መጀመሪያ ሴትየዋን ጠየቅናት። የምትፈልገው ቦታ ካለ እናደርስሻለን፣ መቆየት ከፈለግሽ ደግሞ አብረንሽ ነን አልናት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ልጆቿ ትምህርት ላይ ናቸው፣ ባሏም ቢመጣ የሚፈልጋት እዚሁ ነው፤ መቆየት እንደምትፈልግ ነገረችን። ከዚያ ምክር ሲሰጡ ወደነበሩት ሦስት ቤቶች ሄድን። አልተጣላንም። ሽማግሌው ቡና እየጠጡ «ይቺ ልጅ በእጃችን ናት» አሉ፣ ሌላ አልጨመሩም። አንደኛው ጎረቤት አፈረ። ሁለተኛው «እኔ እኮ ለእሱ አስቤ ነው» አለ፤ አመንኩት፤ እኔም ለልጄ አስቤ ነበርና። ሦስተኛው በሩን አልከፈተልንም።

ያን የቆቦ ልጅ አግኝቼው ነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደሴ ላይ። እጁ ዳነ፤ ሲበርድ ግን ያመዋል። መልእክቱን የላክሁት እኔ እንደሆንኩ ነገርኩትና አውፍ በለኝ አልኩት። አውፍ አለኝ፤ አላህ ይካሰው። ከዚያ «ላንተ ማን ላከልህ?» አለኝ። እስከ ዛሬ አላውቅም።

ትናንት ሐሙስ ለወንድማችን ደውዬ ነበር። ሰፈሩ ደህና ነው አለኝ። አሁን የውጭውን በር ማታ ማታ የሚቆልፈው ራሱ ነው፤ ቁልፉን ግን አንድ አስቀርጾ ለእሷም ሰጥቷታል። ሚስቱ አንድ ቀን መሸት ሲል ሊጥ ልታካፍላት ወደ ክፍሏ ገብታ ነበር። ልጆቹ ተኝተዋል፤ ጫማቸውን አላወለቁም።